መነጽሩ የማን ነው? ስለ ሊኑክስ፣ ስለ ጌምና ስለ ምናባዊ እውነታ የቀረበ ምልልስ

የኮምፒውተር ጨዋታ፣ በዘልማድ አጠራሩ ጌም፣ ለብዙ ዓመታት ከማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ተለይቶ የማይታሰብ ሆኖ ሲቆይ፣ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ደግሞ የሰርቨሮችና የተመራማሪዎች መሣሪያ እንጂ የተጫዋቾች መገልገያ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ሥርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላት በላያቸው ከሚሠሩት ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝና ሁሉንም የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። የሚከተለው ምልልስ ይህ የቆየ ግምት እንዴት እንደተናጋና ጥያቄው በምናባዊ እውነታ መስክ ለምን ይበልጥ እንደሚከብድ የሚመረምር ሲሆን፣ ጠያቂው በዊንዶውስ የሚጫወትና ሊኑክስን በጥርጣሬ የሚመለከት ወጣት፣ መላሹም ኮምፒውተር ፈትቶ መግጠም የትርፍ ጊዜ ልማዱ የሆነ ጎልማሳ ነው፤ ሁለቱም ለክርክሩ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ብዙ ሰው የሊኑክስን ስም ቢሰማም ምንነቱን አያውቀውምና ከእሱ ቢጀምሩ።

መላሽ፦ ሊኑክስ በጥብቅ አነጋገር ከርነል ነው፤ ከርነል ማለት የሥርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ሌሎቹን የማሽኑን ክፍሎች ለፕሮግራሞች የሚያደላድለው እሱ ነው። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ጀመረው፤ በ1992 ደግሞ ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሥር እንዲሰራጭ አደረገ። ይህ ፈቃድ አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን ነጻ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት በ1983 ካወጀው የግኑ ፕሮጀክት የተወለደ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈውንና ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊያሻሽለው የሚችለውን ጽሑፍ፣ እንዲያይ፣ እንዲለውጥና እንዲያከፋፍል ይፈቅዳል፤ የሚያከፋፍለው ሰው ግን ያንኑ መብት ለተቀባዩ እንዲያስተላልፍ ያስገድደዋል። ኡቡንቱ፣ ፌዶራና አርች የሚባሉት በዚህ ከርነል ዙሪያ ሌሎች ፕሮግራሞች ተሰብስበው የተዘጋጁ ስርጭቶች ናቸው፤ በተለምዶ ሊኑክስ ጫነ የሚባል ሰውም የጫነው ከእነዚህ አንዱን ነው።

ጠያቂ፦ መብቱስ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ተጫዋች የሚፈልገው ጌሙ እንዲከፈትለት እንጂ ምንጭ ኮድ ሊያነብ አይደለም። ጌሞቹ በሊኑክስ ላይ ሳይሠሩ የቆዩት ሥርዓተ ክወናው ደካማ ስለሆነ አይደለምን?

መላሽ፦ ምክንያቱ ከአቅም ይልቅ ከገበያ የመጣ ነው። ጌም ምስል ለማውጣት ግራፊክስ ካርዱን ማዘዝ አለበት፤ ትእዛዙን የሚያስተላልፈውም ኤፒአይ በሚባል፣ አስቀድሞ በተወሰነ የትእዛዞች ስብስብ አማካይነት ነው። ሲሊኮን ግራፊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1992 ያወጣው ኦፕንጂኤል በተለያዩ ሥርዓተ ክወናዎች ላይ ሊሠራ የሚችል ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ1995 ያቀረበው ዳይሬክትኤክስ ግን ለራሱ ምርቶች ብቻ የታሰበ ነበር። አብዛኞቹ የጌም ሠሪዎች ደንበኛው ወዳለበት ወደ ዊንዶውስ ሲያዘነብሉ ሥራዎቻቸው በዳይሬክትኤክስ ተጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ጌም ስለሌለ ተጫዋቹ ወደ ሊኑክስ አልመጣም፣ ተጫዋች ስለሌለም ሠሪዎቹ ለሊኑክስ የሚደክሙበት ምክንያት አጡ። ይህን አዙሪት ለመስበር የተነሣው ሎኪ ሶፍትዌር በ1998 ተቋቁሞ የታወቁ የዊንዶውስ ጌሞችን ከባለቤቶቻቸው እያስፈቀደ ለሊኑክስ ያዘጋጅ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ ሳይሳካለት ቀርቶ በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። ኩባንያው ቢዘጋም፣ ዋና ፕሮግራመሩ የነበረው ሳም ላንቲንጋ የጀመረው ኤስዲኤል የተባለው የጌም መሥሪያ ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለነበር አብሮ አልተቀበረም፤ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ጌሞች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ጠያቂ፦ ገበያው እንደዚያው ከቀጠለ፣ ሁኔታውን የለወጠው ምንድን ነው?

መላሽ፦ የጌም ሠሪዎቹን በጎ ፈቃድ መጠበቅ መቅረቱ ነው። ዋይን የሚባለው ፕሮጀክት ከ1993 ጀምሮ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለሥርዓተ ክወናው የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች እየተቀበለ ሊኑክስ ወደሚረዳቸው ጥያቄዎች ሲተረጉም የቆየ ሲሆን፣ ሙሉ ዊንዶውስን በሊኑክስ ውስጥ ማስነሣት ሳያስፈልግ ፕሮግራሙ በቀጥታ በማሽኑ ላይ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ለከባድ ጌሞች ግን ብቻውን በቂ አልነበረም። በ2012 ስቲም የተባለው ትልቅ የጌም መደብር ባለቤት የሆነው የቫልቭ ኩባንያ መሪ ጌብ ኒውል ዊንዶውስ 8ን በአደባባይ ነቀፈ፤ ማይክሮሶፍት በሥርዓተ ክወናው ውስጥ የራሱን መደብር ማስገባቱ ሌሎች መደብሮችን ሊያፍን ይችላል ብሎ ስለሰጋ፣ ሊኑክስን መጠባበቂያ ለማድረግ መወሰኑንም አስታወቀ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ብሂል የዚህን ኩባንያ ዓላማ ከማንኛውም መግለጫ ይልቅ በትክክል ያስረዳል። ስቲም በ2013 ለሊኑክስ ወጣ፤ በ2015 መገባደጃ ስቲም ማሽን በሚል ስም የቀረቡት የሊኑክስ የጌም ኮምፒውተሮች ግን ለሊኑክስ የተሠራው ጌም ጥቂት ስለነበር ገበያ አላገኙም።

ከዚህ ውድቀት በኋላ የተያዘው መንገድ የተለየ ነበር። ክሮኖስ የተባለው የኩባንያዎች ኅብረት በ2016 ቩልካን የተሰኘ፣ ግራፊክስ ካርዱን ይበልጥ በቅርበት ለማዘዝ የሚያስችል ክፍት ኤፒአይ አወጣ። ፊሊፕ ሬቦሌ የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር፣ ኒር ኦቶማታ የተባለውን ጌም በሊኑክስ ላይ መጫወት ስለፈለገ፣ የዳይሬክትኤክስን ትእዛዞች ወደ ቩልካን የሚተረጉም ዲኤክስቪኬ የተባለ ፕሮግራም በትርፍ ጊዜው መጻፍ ጀመረ፤ ቫልቭም ይህንን ከዋይን ጋር አጣምሮ በኦገስት 2018 ፕሮቶን በሚል ስም በስቲም ውስጥ አስገባው። በፌብሩዋሪ 2022 የወጣው በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ስቲም ዴክ በአርች ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ክወና ይዞ ሲሸጥ፣ ገዢው የገዛው ሊኑክስ መሆኑን ማወቅ እንኳ አላስፈለገውም። የአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ እዚህ ሊደርስ የቻለው ኮዱ ክፍት ሆኖ ሌላው ሊገነባበት ስለቻለ ነው።

ጠያቂ፦ ይህ ድል ከተባለ ጥገኛ ድል ነው። የጌም ሠሪዎች ለዊንዶውስ መጻፋቸውን ስለቀጠሉ፣ ማይክሮሶፍት አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር የሊኑክስ ሰዎች ከኋላ እየተከተሉ መተርጎም ዕጣ ፈንታቸው ሆኗል፤ በስቲም የራሱ የተጠቃሚዎች ጥናት መሠረትም በ2025 መገባደጃ ላይ በሊኑክስ የሚጫወተው ከ100 ሰው 3 ገደማ ብቻ ነበር። ከዚህም በላይ ቫልቭ እንደማንኛውም ነጋዴ ለትርፉ የቆመ አይደለምን?

መላሽ፦ ነቀፋው እውነት አለበት፤ ፕሮቶን ከወጣ ወዲህ ቀድሞ ለሊኑክስ ያዘጋጁት የነበረውን ቅጂ የተዉ ሠሪዎች አሉ። ይሁን እንጂ ጥገኝነቱ ያልተጠበቀ ጥቅም አስገኝቷል፤ ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ጌሞች በዙሪያቸው ያሉት የሥርዓተ ክወናው ክፍሎች እየተለዋወጡ ስለሄዱ ዛሬ አይከፈቱም፣ የዚያው ጌም የዊንዶውስ ቅጂ ግን በፕሮቶን በኩል ይሠራል፤ ስለዚህ የትርጉሙ ንብርብር የቆዩ ሥራዎችን ከመጥፋት የሚያድን መዝገብ ቤት እየሆነ መጥቷል። ስለ ቫልቭ ሲነሣ ደግሞ መመርመር ያለበት የኩባንያው በጎነት ሳይሆን ሥራው የወጣበት ፈቃድ ነው። የዋይን፣ የዲኤክስቪኬና የፕሮቶን ምንጭ ኮድ ክፍት በመሆኑ፣ ቫልቭ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ሌላ ሰው ሥራውን ከቆመበት ሊቀጥለው ይችላል። ስቲም ራሱ ግን ዝግ ፕሮግራም ነው፤ በእሱ የተገዛ ጌምም የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ሙሉ ንብረት ስላልሆነ የሊኑክስ ተጫዋች ነጻነት በመደብሩ በር ላይ ያበቃል፤ ይህንን የሚሸሽግ የሊኑክስ ደጋፊ ሐቀኛ አይደለም።

ጠያቂ፦ ወጣቶች በኅብረት የሚጫወቷቸው እንደ ፎርትናይትና ቫሎራንት ያሉት ጌሞችስ? እነዚህን የማይከፍት ሥርዓተ ክወና ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ላሉ ወጣት ምን ይረባዋል?

መላሽ፦ በዚህ ነጥብ ላይ አንተ ትክክል ነህ፤ መሰናክሉም ጸረ ማጭበርበሪያ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በኢንተርኔት በሚደረግ ውድድር ላይ አንዱ ተጫዋች ባላጋራውን በግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ ወይም በራሱ የሚያነጣጥር ሌላ ፕሮግራም እንዳይጠቀም ይቆጣጠራል፤ ጥብቅ የሆኑቱ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ገብተው መላውን ማሽን ስለሚከታተሉና ፕሮቶን ደግሞ የዊንዶውስን ከርነል ስለማይተካ በሊኑክስ ላይ መቆሚያ የላቸውም። ባትልአይና ኢዚ አንቲ ቺት የተባሉት ሁለት የታወቁ ፕሮግራሞች በ2021 ለፕሮቶን በር ቢከፍቱም፣ መፍቀዱም መከልከሉም ለየጌሙ ባለቤት ተተወ፤ ኤፔክስ ሌጀንድስ የተባለው ጌምም በሊኑክስ ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ2024 መገባደጃ ባለቤቱ ኩባንያ አጭበርባሪዎች ሊኑክስን መሸሸጊያ አድርገውታል በማለት ዘጋው። የጉዳዩ ሥር ጥልቅ ነው፤ የሊኑክስ ባለቤት ከርነሉን ራሱ መለወጥ ስለሚችል፣ የጌሙ ኩባንያ ከማሽኑ የሚደርሰው መልስ እውነተኛ መሆኑን በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም፤ ነጻነቱና አለመታመኑ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ ማለት ነው። ይህ በትርጉም የሚታረም የቴክኒክ ጉድለት ስላልሆነ፣ ጊዜውን በእነዚህ ጌሞች የሚያሳልፍ ወጣት ዊንዶውስን ቢይዝ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ጠያቂ፦ ምናባዊ እውነታስ ከዚህ ክርክር ጋር ምን ያገናኘዋል? መነጽሩ ተጨማሪ ስክሪን አይደለምን?

መላሽ፦ ምናባዊ እውነታ፣ በአጭሩ ቪአር፣ በራስ ላይ በሚጠለቅ መነጽር አማካይነት ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ምስል እያሳየ፣ የራስንና የእጅን እንቅስቃሴም እየተከታተለ፣ ተጠቃሚው በሌላ ስፍራ ያለ እንዲመስለው የሚያደርግ ዘዴ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1968 ከጣሪያ ጋር የተያያዘ የመጀመሪያ መሣሪያ ስለሠራ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። መነጽሩን እንደ ተራ ስክሪን ማየት ግን የሊኑክስ የመጀመሪያ ስሕተት ነበር። ሰው ራሱን ሲያዞር ምስሉ በ20 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልተከተለው ሊያዞረውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ በሰከንድ 90 ጊዜ ምስል የሚለውጥ መነጽር ደግሞ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል በ11 ሚሊሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ እንዲያደርስለት ይጠይቃል። የሊኑክስ ዴስክቶፕ መነጽሩን እንደ ማንኛውም ሞኒተር ቆጥሮ መስኮቶቹን ሊዘረጋበት ይሞክር ነበርና ለዚህ ፍጥነት አልተዘጋጀም። በሊኑክስ ግራፊክስ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ኪት ፓካርድ በቫልቭ ድጋፍ የሠራው መፍትሔ፣ ዴስክቶፑ መነጽሩን በሊዝ መልክ ለቪአር ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ እንዲለቅለት የሚያደርግ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 2018 በወጣው 4.15ኛው የከርነሉ እትም ውስጥ ገብቷል።

ጠያቂ፦ ቴክኒኩ ከተፈታ፣ በገበያ የሚታወቁት መነጽሮች ሊኑክስን ለምን ይሸሻሉ?

መላሽ፦ አሁንም መልሱ ከባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው። ፓልመር ለኪ በ2012 ከሕዝብ በተዋጣ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ ያስጀመረው ኦኩለስ የተባለው የመነጽር ኩባንያ፣ መጀመሪያ ለፕሮግራመሮች ያቀረበው መነጽር ሊኑክስንም ይደግፍ ነበር፤ ፌስቡክ ኩባንያውን በ2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ በ2014 ካስታወቀ በኋላ ግን፣ በሜይ 2015 ለዊንዶውስ ቅድሚያ ለመስጠት ሲባል የሊኑክስና የማክ ሥራው እንዲቆም ተደረገ። አስገራሚው ነገር፣ ዛሬ ሜታ የሚባለው ይኸው ኩባንያ የሚሸጣቸው ኩዌስት የተባሉት መነጽሮች ያለ ኮምፒውተር ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ሥርዓታቸው ከአንድሮይድ የተቀዳ፣ አንድሮይድም በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በዓለም ላይ በብዛት በተሸጡት የቪአር መነጽሮች ውስጥ ሊኑክስ አለ። ያም ሆኖ ኩዌስት 2 በ2020 ሲወጣ ያለ ፌስቡክ አካውንት አይከፈትም ነበር፤ ይህ ግዴታ በ2022 ሲነሣም በሜታ አካውንት ተተካ። የከርነሉ ፈቃድ፣ በብዙዎች አተረጓጎም፣ አምራቹ ምንጭ ኮዱን እንዲሰጥ እንጂ የተለወጠው ኮድ በዚያው መሣሪያ ላይ እንዲሠራ አያስገድደውም፤ ስለዚህ አንድ ዕቃ ሊኑክስን ስለያዘ ብቻ ገዢውን ነጻ ያወጣዋል ማለት አይቻልም።

ጠያቂ፦ መነጽሩ እየሠራለት ያለ ሰው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ቢያውቅ ባያውቅ ምን ይጎድለዋል?

መላሽ፦ የሚጎድለው ኩባንያው ፊቱን ያዞረ ዕለት ይታወቃል። ማይክሮሶፍት በ2017 ዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ የተባለ የቪአር ሥርዓት ሲያቀርብ ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ኤሰርና ሳምሰንግ መነጽሮቻቸውን በእሱ ላይ መሥርተው ሸጡ፤ በዲሴምበር 2023 ግን ማይክሮሶፍት ሥርዓቱን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፣ በ2024 በወጣው 24ኤች2 በተባለው የዊንዶውስ 11 እትምም ጨርሶ አነሣው። መስተዋቱ ያልተሰበረ፣ ሽቦው ያልተበጠሰ መነጽር አምራቹ የሰጠውን ድጋፍ ያጣው በእርጅና ሳይሆን በውሳኔ ነው። በአንጻሩ ሞናዶ የተባለው፣ ኮላቦራ በተሰኘ ኩባንያ መሪነት የተጀመረው ክፍት ፕሮግራም፣ ከእነዚህ መነጽሮች አንዳንዶቹን በሊኑክስ ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ ድራይቨር አለው፤ ድራይቨር ማለት ሥርዓተ ክወናው ከአንድ የተወሰነ ዕቃ ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ፕሮግራም ነው። በሌላ በኩል፣ ማምረቱ የቆመው ኦኩለስ ጎ የተባለው የፌስቡክ መነጽር ጉዳይ ደግሞ ኩባንያ ከፈለገ በጎ መሥራት እንደሚችል ያሳያል፤ የኦኩለስ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበረው ጆን ካርማክ ለዓመታት ስለወተወተ፣ ኩባንያው በ2021 የመሣሪያውን መቆለፊያ የሚከፍት የሥርዓት ቅጂ አውጥቶ ባለቤቶቹ እንደፈለጉ እንዲያደርጉት ፈቅዷል።

ጠያቂ፦ ይሁንና ሞናዶን ፈልጎ የሚጭን ሰው ስንት ነው? ተራው ገዢ ድራይቨር ሲያሳድድ ከሚውል አዲስ መነጽር ቢገዛ አይሻለውም?

መላሽ፦ ዛሬም ቪአር በሊኑክስ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱ ስርጭት ላይ የሠራው በሌላው ላይ ሊያስቸግር ይችላል፣ የእጅ መቆጣጠሪያዎች ክትትልም በአንዳንድ መነጽሮች ላይ ሙሉ አይደለም። ሆኖም መሠረቱ እየጠነከረ ነው። ክሮኖስ በ2019 ኦፕንኤክስአር የተባለ የጋራ ደረጃ ስላወጣ፣ ፕሮግራም ሠሪው ለእያንዳንዱ መነጽር ለየብቻ ከመጻፍ አንድ ጊዜ ጽፎ በብዙዎቹ ላይ ሊያሠራው ይችላል፤ ሞናዶም ይህንኑ ደረጃ የሚከተል ነው። የቫልቭ ታላቅ የቪአር ጌም ሃፍ ላይፍ አሊክስ በማርች 2020 ለዊንዶውስ ወጥቶ ከሁለት ወር በኋላ ለሊኑክስ ተዘጋጅቷል፤ ኤኤልቪአርና ዋይቪአርኤን የተባሉት ክፍት ፕሮግራሞች ደግሞ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራን ጌም በዋይፋይ ወደ ኩዌስት መነጽር ያስተላልፋሉ። ቫልቭ በኖቬምበር 2025 ይፋ ያደረገው ስቲም ፍሬም የተባለው መነጽር፣ እንደ ስቲም ዴክ ሁሉ በስቲምኦኤስ፣ ማለትም በሊኑክስ፣ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የስልክ ዓይነት በመሆኑ ለኮምፒውተር የተጻፉትን ጌሞች ለማስኬድ ፌክስ የተባለ ተጨማሪ ተርጓሚ እንደሚጠቀም ተገልጿል። በ2015 ከቪአር በር የተመለሰው ሊኑክስ በመነጽሩ ውስጥ፣ ያውም ባለቤቱ ሊነካው በሚችል መልክ፣ ሊገባ መታሰቡ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ጠያቂ፦ እንግዲያው ዊንዶውስ ሁሉ ይነቀል፣ በቦታው ሊኑክስ ይተከል ነው የሚሉት?

መላሽ፦ እንዲህ ያለ ፍርድ ለማንም አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚጫወተውን ጌምና ያለውን ማሽን አይቶ መወሰን አለበት። ውድድር የሚወድ በዊንዶውስ ይቆይ፤ ብቻውን ታሪክ ያላቸውን ጌሞች የሚጫወት ሰው ግን አብዛኞቹን በሊኑክስ ያገኛቸዋል። በኢትዮጵያ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሚሠራ አንባቢ ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው በርካታ ጤነኛ ማሽኖች ስለቀሩ፣ ሊኑክስ ለእነዚህ ተጨማሪ ዓመታት ይሰጣቸዋል፤ የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለም አማርኛ ለመጻፍ የሚያግድ ነገር የለም። መነጽር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ስለ ምስሉ ጥራት ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገሮችን ያጣራ፦ መሣሪያው ያለ ኩባንያው አካውንት ይከፈታልን? ኦፕንኤክስአርን ይደግፋልን? ክፍት የሆነ ድራይቨርስ ተጽፎለታልን? ለሦስቱም መልሱ «አይ» የሆነበት ዕቃ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ገዢው የከፈለው ኩባንያው እስከፈቀደለት ቀን ድረስ ብቻ ለሚቆይ ኪራይ መሆኑን አውቆ ይግዛ።